የናፍጣ ጉዳይ ከአረፋ በኋላ ይታያል

አብዱልሃፊዝ ሸምሱ ቡታጅራ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። በሩ ላይ «በቅርቡ ወደ አዲሱ ቦታ እንዛወራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከተለጠፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ወረቀቱ በዝናብ ሲበላሽ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ «በቅርቡ» የሚለው ቃል ግን እንዳለ ነው።

ሰውዬው ሰነፍ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጫል። ሚዛኑ አይዋሽም። ጤፍ በሚፈጭበት ወፍጮ በርበሬ አይፈጭም። ችግሩ መወሰን ላይ ነው። ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣበት አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እናያለን» ይላል። አልዋሸም፣ ያያል። ዓመት ሙሉ ያያል።

ሚስቱ ጠይባ ይህን ያወቀችው ከሠርጋቸው በፊት ነው። በአገሩ ልማድ የወንድ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሴት ወገን ደግሞ «ጊዜ ስጡን፣ እንመካከር» ይላል። የጠይባ አባት ግን ልጁን ስለወደዱት ወዲያው እሺ አሉ። ጊዜ ይሰጠኝ ያለው ሙሽራው ነው።

«ሽማግሌዎቹ አፍረው ቤታቸው ገቡ» ትላለች ጠይባ። «አባቴ በሳምንቱ ራሳቸው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄደው ‹ልጄ እህል መሰለችህ እንዴ፣ ተራ የምታስጠብቃት?› አሉት።»

ጠይባ ሌላ ዓይነት ሰው ናት። ያለችውን ታደርጋለች። አንድ ጊዜ «የዶሮ ቤቱን እስከ ዓርብ ካልጠገንክ ዶሮዎቹ ይሄዳሉ» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ዶሮ አልነበረም።

ውሻዋ የመጣችው በቺንጋው ምክንያት ነው። ቺንጋ ማለት ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ቀበቶ ነው። ሌባ ገብቶ ወሰደውና ወፍጮው ሳምንት ያህል ቆመ። መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ የሚነግደው ታላቅ ወንድሙ ሐጂ ሀቢቡ ይህን ሰማ። የዚያን ዓመት ለአረፋ አገር ቤት ሲመጣ በካርቶን ቡችላ ይዞ ወረደ። ጥቁር ናት፤ መዳፏ ከሌላው ገላዋ ቀድሞ ያደገ ይመስላል።

«የጀርመን ዘር ናት» አለ ሐጂ። «አባቷ ጥጃ ያክላል። ስታድግ ወንዱን እኔው አመጣለሁ፣ እናስወልዳታለን። መርካቶ ውስጥ ቡችላ ልሰጣቸው ቃል የገባሁላቸው ሰዎች አሉ።»

«እናያለን» አለ አብዱልሃፊዝ።

ሐጂ ይህን እንደ እሺ ቆጠረው። ታናሽ ወንድም ታላቁን እንቢ ሊል እንደማይችል ያውቃል።

ጠይባ ካርቶኑን ከፍታ አየች።

«ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል፣ ትኑር» አለች። «ግን ከግቢ አታልፍም። ምንጣፌን ከረገጠች ሰባት ጊዜ የሚያጥበው የሩፋይዳ አባት ነው።» የሩፋይዳ አባት አብዱልሃፊዝ ነው፤ ሩፋይዳ ልጃቸው አዲስ አበባ ተድራለች። «ሌላው፣ ቡችላ ማየት አልፈልግም። አንድ ቡችላ ካየሁ ከነእናቱ ቆሼ ይሄዳል።»

ከቡታጅራ ወዲያ ባለችው ቆሼ ከተማ የጠይባ ወንድም ኡበይድ የበርበሬ እርሻ አለው። የኡበይድ ውሾች በሰንሰለት ታስረው ይኖራሉ። የሚፈቱት ሲሞቱ ነው።

ቡችላዋ በከተማው ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን ስለመጣች ናፍጣ ተባለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዱልሃፊዝ ደጅ ወጥቶ «ናፍጣ! ነይ! ናፍጣ መጣች!» ባለ ቁጥር የአይሱዙ ሾፌሮች ጀሪካን ይዘው ይሮጡ ነበር።

ናፍጣ አደገች። ወፍጮ ቤት ስለምትውል ጠዋት ጥቁር ናት፣ ማታ ነጭ። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ከደንበኞቹ ጋር አብራ ታነጥሳለች። ስድስት ወር ሳይሞላት ቺንጋ ፍለጋ የመጣ አንድ ሰው ሱሪውን ትቶ አጥር ዘለለ። ሱሪው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ባለቤቱ መጥቶ እንዲወስድ ለሰፈሩ ተነገረ፤ እስካሁን የመጣ የለም።

አብዱልሃፊዝን ውሻዋን ትወዳታለህ ቢሉት ይክዳል። ሥጋ ቤት ገብቶ «ለውሻ» ብሎ አጥንት ሲገዛ ግን «ትንሽ ሥጋ ተውበት» ይላል። ወፍጮው ሲዘጋ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሱ የተገለበጠ ቋት ላይ ተቀምጦ የቀኑን ወሬ ይነግራታል። እሷ ደግሞ መልስ አትጠይቀውም፣ ቀን ቁረጥ አትለውም።

ስምንት ወር ሲሞላት ጠይባ ቀን ቆረጠች።

«ማክሰኞ ወልቂጤ ትወስዳታለህ። እዚያ ውሻ የሚያመክን ሐኪም አለ።»

«እናያ…»

«ማክሰኞ።»

ማክሰኞ ናፍጣ አይሱዙ ላይ ተጫነች። በአገና በኩል ተራራውን አቋርጠው ወልቂጤ ገቡ። ሐኪሙ ዶክተር አምሀ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ አሁን የራሱን የእንስሳት ክሊኒክ የከፈተ ሰው ነው። ናፍጣን ከጥርሷ እስከ ጭራዋ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ አልሠራትም።»

«ለምን?»

«ትንሽ ውሻ ብትሆን ሠርቼ እሸኛት ነበር። ይቺ ትልቅ ዘር ናት፣ ገና እያደገች ነው። ማህፀኗን አሁን ካወጣሁት አጥንቷ ማደግ ማቆም ባለበት ጊዜ አያቆምም። እግሯ ይረዝማል፣ መገጣጠሚያዋ ይደክማል። ስታረጅ ከተኛችበት ለመነሳት ሰው ትፈልጋለች።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ጠብቅ።»

አብዱልሃፊዝ ሐኪሙን በአድናቆት አየው። በሕይወቱ የተማረ ሰው ጠብቅ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

«ግን አስተውል» አለ ዶክተር አምሀ። «ብዙ ማቆየትም ጣጣ አለው። ድራት ይመጣባታል፤ ማለት ወንድ መፈለጊያ ጊዜዋ። በተደጋገመ ቁጥር የጡት እጢ ያሰጋል፣ ማህፀኗም መግል ሊይዝ ይችላል። ከሁሉም በላይ ታረግዝብሃለች። ዓመት ይለፋት፣ ከዚያ ቶሎ በል። ከአረፋ በፊት ባለው ወር አምጣት።»

አብዱልሃፊዝ የሰማው «ጠብቅ» የሚለውን ነው። ስልኩን አውጥቶ ጠይባ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሐኪሙ ሰጠው።

«ይንገሯት፣ ዶክተር። ከእኔ አፍ አታምንም።»

ሐኪሙ ነገራት።

«ዶክተር» አለች ጠይባ፣ «እሱ ነው እንዲህ በሉ ያለዎት?»

«ኧረ በፍጹም፣ ወይዘሮ ጠይባ። ትምህርቱ የሚለው ነው።»

«ትምህርቱም እንደሱ ነው በሉኛ» ብላ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ወራቱን ሙሉ አብዱልሃፊዝ ወፍጮ ቤት ተራ ለሚጠብቅ ሁሉ መጠበቅ ሳይንስ መሆኑን አስረዳ። ስለ ማስታወቂያው የጠየቁት ሰዎችም ይኸው መልስ ተሰጣቸው።

ሐኪሙ ያለው ወር ደረሰ። ጠይባ አስታወሰችው።

«ከአረፋ በኋላ» አለ አብዱልሃፊዝ።

ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። የጉራጌ ሙስሊም ቤት ውስጥ ከባድ ጉዳይ የሚቆረጠው በአረፋ ነው፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል እንደሚያደርገው። መርካቶ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ጅማ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ አገሩ ይገባል። መሬት የሚከፋፈለው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ልጅ የሚታጨው ያን ጊዜ ነው። አብዱልሃፊዝ ይህን ልማድ እንደ ምሽግ ይጠቀምበታል።

«ሐጂ ነው የሰጠኝ። ሳይሰማ ባመክናት ነውር ነው። ይምጣና በቤተሰብ ፊት እንነጋገራለን።»

«ውሻዋስ?» አለች ጠይባ። «አረፋ መቼ እንደሚውል ታውቃለች?»

ናፍጣ አላወቀችም። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ድራቷ መጣ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ፊት ሁለት ሰልፍ ተሠራ። አንዱ የእህል ነው፣ ሌላው የውሻ። የውሻው ይረዝማል። ለበዓል ጤፍና በርበሬ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ጆንያቸውን አቅፈው በውሾች መካከል ይሽሎከሎካሉ። ከሰልፉ ፊት ያለው ቦቢ ነው፤ የባልቻ ውሻ። ባልቻ ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ አለው፤ ጎማ እየጠገነ የሰው ጉዳይ ይከታተላል።

«አብዱ!» ብሎ ጮኸ ባልቻ። «ቁጥር አድላቸው እንጂ! የኔው ከጎህ ጀምሮ ቆሟል።»

«ባልቻ፣ ውሻህን ያዝ።»

«እንዴት ልያዘው? አፍቅሮ ነው። ሽማግሌ ልላክብህ እንዴ? አንተ እንደሁ ጊዜ ስጡኝ ትላለህ፣ ልጄ ይጃጅብኛል።»

አብዱልሃፊዝ ገብቶ ለዶክተር አምሀ ደወለ።

«ዛሬ ላምጣት?»

«አሁን አይነካም» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ጊዜ ደም ይበዛል፣ አደጋ አለው። ከአረፋ በፊት ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«ቆልፍባት እንግዲህ። ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የሚያሰጋው መካከለኛው ሳምንት ነው። ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ቆይተህ ታመጣታለህ። ለአጥንቷ እንደውም ደህና ነው። ዋናው በዚህ መሀል እንዳታረግዝ ነው።»

«ልጠብቅ ነው የሚሉኝ?»

«አዎ፣ ጠብቅ።»

ያን ቀን ቃሉ አላስደሰተውም። ናፍጣን እህል ማስቀመጫ ክፍል አስገብቶ ቆለፈ። ክፍሉ ከበርበሬ ወፍጮው ጀርባ ስለሆነ በበሩ ሥር አፍንጫውን የሰደደ ውሻ ሁሉ እያነጠሰ ይመለሳል። ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። መካከለኛውን ሳምንት ቢቆጥር አረፋ ላይ ወደቀበት።

የበዓሉ ዋዜማ ሐጂ ሀቢቡ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቆመ። ከኋላ መቀመጫ ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ወንድ ውሻ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል።

«ሻምበል ይባላል» አለ ሐጂ። «እንዳልኩህ አመጣሁት። እሷስ ደረሰች?»

አብዱልሃፊዝ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከክፍሉ ውስጥ ናፍጣ አለቀሰች። ሻምበል ጆሮውን አቆመ።

«ደርሳለች!» አለ ሐጂ እየሳቀ። «አላህ ሲያደላድል! እስከ እሑድ አለሁ።»

ጠይባ ስልኳን አውጥታ ሁለቱ ወንድማማቾች በሚሰሙበት ቦታ ቆማ ደወለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡበይድ። ደህና ናችሁ? ልጆቹ? በርበሬው? አልሐምዱሊላህ። ትርፍ ሰንሰለት አለህ? ትልቅ። የጥጃ ይሆናል።»

አብዱልሃፊዝ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። ታላቅ ወንድሙን እንቢ ማለት አይችልም። እሺ ካለ ደግሞ ናፍጣ ሰንሰለት ላይ ናት። የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ወደ እሱ ገባ።

«ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው፣ ሐጂ» አለ። «ግቢው በእነሱ እጅ ነው። ጎመኑ፣ አይቡ፣ ቆጮው ተዘርግቶ ሁለት ፈረስ የሚያካክሉ ውሾች ብንለቅ ጠይባ ሁለታችንንም ታወጣናለች። ነገ ይሻላል።»

ሐጂ ጠይባን አየና ተስማማ።

በማግስቱ ሶላት ተሰግዶ በሬው ታረደ።

«ዛሬማ የኡዱሒያ ቀን ነው» አለ አብዱልሃፊዝ። «አንተ የሐጅ ሰው ነህ። በዚህ ቀን ውሻ ሲያጋቡ ዋሉ ሲሉን ምን እንላለን?»

ሐጂ ጉዳዩን ለነገ ተወው። ሻምበልን ግን በዓሉ አልከበደውም። በሬው ከታረደበት ቦታ ሳይነቃነቅ ዋለ። በሚቀጥለው ቀን ሆዱ ተነፍቶ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ።

«እንግዳ ነው፣ ይረፍ» አለ አብዱልሃፊዝ። «መንገድም ደክሞታል።»

«መንገዱን ተኝቶ ነው የመጣው!»

«ለዚያ እኮ ነው። ብዙ እንቅልፍም ያደክማል።»

በአራተኛው ቀን ለቅሶ ነበረ። አረፋ ላይ በዓመቱ ውስጥ የሞተበትን ሰው ሳይጠይቁ መመለስ አይቻልም። አብዱልሃፊዝ በመስቃን ገጠር ሐጂ የረሳቸውን ዘመዶች ሁሉ አስታወሰው። ለቅሶ ከደረሱባቸው ቤቶች በአንዱ የሞተው ሰው የተቀበረው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በአክብሮቱ ተደስቶ ምሳ አቀረበላቸው። ሲመሽ ተመለሱ።

ባልቻ በየቀኑ ከማዶ ይጠይቃል።

«አብዱ፣ ሠርጉ መቼ ሆነ?»

«ነገ።»

«አይ እንግዲህ ቦቢ ተስፋ አለው።»

እሑድ ጠዋት ሐጂ ሻንጣውን ጭኖ ጨረሰ። ቤተሰቡ ሊሸኘው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሐጂ ፊቱ ከብዷል።

«አብዱልሃፊዝ፣ በሕይወትህ እንቢ ብለኸኝ አታውቅም።»

«አሁንስ መቼ እንቢ አልኩህ?»

አንድ ሁለት ዘመዶች ሳቃቸውን ዋጡ። ሐጂ አልሳቀም።

«ይሄማ ከእንቢ ይብሳል። እሺ። አንተ ጊዜ ትወዳለህ፤ ጊዜ ይኸውልህ። ሻምበል እዚሁ ይቀራል። የሚቀጥለው ወር መጥቼ እወስደዋለሁ። ውኃ ለመስጠት በሩን መክፈትህ አይቀርም፣ የቀረውን እሱ ያውቃል።»

ነገሩ ተገለበጠ። ሳምንቱን ሙሉ መዘግየት ለናፍጣ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። ከአሁን በኋላ ለሻምበል ይሠራል። «እናያለን» ማለት ቡችላ ማለት ነው። ጠይባ በረንዳው ላይ ቆማ ስልኳን ይዛለች፤ አልደወለችም፣ ይዛለች ብቻ። ናፍጣ በሩን ቧጠጠች። ሻምበል ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ሻምበል ይግባ» አለ አብዱልሃፊዝ።

«የት?»

«መኪናው ውስጥ።»

«መቼ?» አለ ሐጂ፣ እያሾፈ።

«አሁን።»

ከመንገዱ ማዶ ብረት ሲወድቅ ተሰማ፤ ባልቻ የጎማ መፍቻውን ጥሎ ተነስቷል።

«ምን አልክ?»

«አሁን አልኩ። ናፍጣ አትወልድም። ጊዜዋ ሲደርስ ወልቂጤ ወስጄ አስመክናታለሁ።»

«ለሰው ቃል ገብቻለሁ እኮ!»

«እኔ አልገባሁም፣ ሐጂ።»

ይህን ብሎ ሻምበልን በአንገት ማሰሪያው ያዘው። ሻምበል ከበሬው የተረፈ ቅልጥም ሲያሳዩት ናፍጣን ረስቶ መኪና ውስጥ ዘለለ። ሐጂም ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ታላቅ ሲሄድ መርቆ ነው የሚሄደው፤ ሐጂ ሳይመርቅ ሄደ። አብዱልሃፊዝ እጁን ለዱዓ እንደዘረጋ በሩ ላይ ቀረ።

ጠይባ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ግባ፣ የሩፋይዳ አባት» አለችው። «ምሳህ ይቀዘቅዛል።»

ምሳ ገና አልደረሰም ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ሐጂ አልደወለም። ናፍጣ አላረገዘችም፤ ቦቢ ወደ ሌላ ሰፈር ሰልፍ ሄደ። ዶክተር አምሀ የሰጠው ቀጠሮ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ክሊኒኩን ሊከፍት ሲመጣ አብዱልሃፊዝና ናፍጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ቀጠሮህ ነገ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ከማደንዘዣ በፊት ማደር ያለባት ሳትበላ ነው። አብልተሃታል?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላችም።»

«ለነገ ቀጠሮ ከትናንት አስጾምካት?»

«እንዳልዘገይ ብዬ ነው።»

ናፍጣ ሐኪሙን አየች። ዶክተር አምሀ ለሁለት ቀን ሊያስርባት ስላልፈለገ ያን ዕለት ሠራት። ቁስሉን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚጠለቅ መከለያ ያስፈልጋል አለ። ክሊኒኩ ውስጥ አልነበረም። «ባልዲ ቂጡን ቆርጠህ አልብሳት» አለው።

አብዱልሃፊዝ ባልዲ ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል። ቤት ገብቶ ስልኩን ያዘ። አስቀመጠው። እንደገና ያዘው።

«ሐጂ፣ አሰላሙ አለይኩም። ናፍጣን አሠራኋት። ባልዲ ትፈልጋለች።»

መርካቶ በኩል ባልዲ ከባልዲ ሲጋጭ ተሰማ።

«አንገቷ ስንት ነው?» አለ ሐጂ።

«የኔን ያክላል።»

«ያንተ ቀጭን ነው። ሁለት መጠን እልካለሁ።»

በማግስቱ በአውቶቡስ የባልዲ ጥቅል መጣ። ስድስት ነበሩ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ባለ ክዳን። ሐጂ ተመልሶ ደወለና «አላህ ያሽራት፣ ቤትህንም ይባርክ» ብሎ ሳይጠየቅ መረቀ። ቡችላ ቃል የተገባላቸው የመርካቶ ሰዎች ምን እንደተባሉ አልተናገረም።

ናፍጣ ቀዩን አጠለቀች። ወፍጮ ቤት ስትተኛ ባልዲው ዱቄት ያጠራቅማል፤ ስትነሳ ይደፋባታል፤ ታነጥሳለች። ባልቻ «አብዱ፣ የሚንቀሳቀስ ቋት ሠራህ» አለ። ጠይባ ቀሪዎቹን አምስት ባልዲዎች ወስዳ ቆጮ አስቀመጠችባቸው። ቆሼ ደውላም ለኡበይድ ሰንሰለቱ እንደማያስፈልግ ነገረችው።

በዚያ ሳምንት አንዲት አዲስ ደንበኛ ጆንያዋን ሚዛን ላይ አስቀምጣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበበች። ወረቀቱ ሥር ውሻዋ ከነባልዲዋ ተኝታለች።

«ወደ አዲሱ ቦታ መቼ ነው የምትዛወሩት?» አለች።

አብዱልሃፊዝ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ከአረፋ በኋላ» አላት።